ጥቂቱ ውሃው ነው ወይስ ችግሩ

መጋቢት 24

የትምህርት ቤታችን ቧንቧ ከደረቀ ሁለት ወር አለፈው። ዛሬ ርዕሰ መምህሩ አቶ ወልደ ኪዳን ሦስት ጊዜ አስጠሩኝ። ሁለቴ ሌላ ወሬ አውርተው መለሱኝ፤ በሦስተኛው ነገሩን አወጡት። ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ሞጣ ላይ ቢሮ ከፍቷል። ማመልከቻ ይቀበላል፤ በእንግሊዝኛ፤ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ።

«ከአንቺ ሌላ ማን ይጽፈዋል?» አሉኝ።

ማንም አይጽፈውም። ፊታቸው ላይ እንዲህ አላልኩም፤ ደብተሩ ግን የራሴ ነው። ቢቸና ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ፣ የእንግሊዝኛ ክፍል ተጠሪ ከሆንኩ አራት ዓመቴ ነው። መምህር ገብረ ማርያም ከእኔ በፊት ሃያ ዓመት አስተምረዋል፤ እውቀታቸውን አልክድም። ግን የእሳቸው እንግሊዝኛ የበዓል ልብስ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪጨርሱ ደወል ይደወላል።

እህቴ ሀሲና ከሞጣ ደውላ ነበር። «አባዬ ዒድን በር በሩን ሲያይ ዋለ» አለችኝ። ፈተና እያረምኩ እንደነበር ነገርኳት። እውነት ነው። ስምንት ወረቀት አርሜያለሁ።

መጋቢት 25

አሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል። የዛሬው ቃል «ስኬርስ»።

ተማሪዎቼ ስኬርስንና «ሬር»ን ያምታታሉ፤ መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም «ጥቂት፣ የማይገኝ» ብሎ ስለሚያልፋቸው። እንዲህ አልኳቸው፦ «ዋልያ ሬር ነው። በቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ዋልያ ስላጣ የሚጠማ ሰው ግን የለም። ውሃ ሬር አይደለም፤ ዓለም በውሃ የተሞላ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ግን ስኬርስ ነው። ስኬርስ ማለት ከሚያስፈልገው ያነሰ ማለት ነው። የሚፈልገው ሰው ከሌለ ስኬርስ የሚባል ነገር የለም።» ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥሩ ትምህርት ሲሆን አውቀዋለሁ።

መጨረሻ ላይ ብሩክታይት እጇን አወጣች። ከመጨረሻው መደዳ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ከስኬርስ በኋላ ሁለት ስም ቢመጣ የቱን ነው የሚገልጸው?»

«ምሳሌ አምጪ።»

«ስኬርስ ዋተር ፕሮብሌም ብል። ጥቂቱ ውሃው ነው ወይስ ችግሩ?»

«አንባቢ ሁሉ ሞኝ አይደለም፤ ይገባዋል» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። እሷም ተቀመጠች።

ጥያቄው የሰዋስው ሳይሆን የድካም ይመስለኛል። ልጅቷ ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርዳ ውሃ ቀድታ ነው ትምህርት ቤት የምትመጣው።

መጋቢት 26

ማመልከቻውን ጻፍኩ። በትርፍ ክፍለ ጊዜዬ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ስርዝ ድልዝ የለበትም። ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ለአገሬ ሰጠኋት። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ግን እያንዳንዱን ፊደል እያየች እንዳለ በኮምፒውተር ትገለብጣለች። መምህር ገብረ ማርያም «አንዴ ዓይኔን ልጣልበት?» ብለው ነበር። «ጊዜ የለም መምህር፣ ወረቀቱን ሞጣ የሚያደርሰው መኪና ሊሄድ ነው» አልኳቸው።

መኪናው የሄደው ከምሳ በኋላ ነው።

ሚያዝያ 3

በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ አሥራ አንድ ሴት ልጆች ቀሩ። ወንዶቹ ሁለት። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ተቆልፏል፤ ውሃ ከሌለ ምን ይደረጋል። ባጃጅ ውስጥ አንዲት እናት ለሌላዋ ስትናገር ሰማሁ፦ «መምህራኑ ለውጭ ሰዎች ጽፈዋል አሉ። ጉድጓድ ይመጣል።» ዞሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ ልላት አማረኝ።

ሚያዝያ 9

መልስ መጣ።

አቶ ወልደ ኪዳን በእንግሊዝኛ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ሳያነቡ ለእኔ ነው የሚሰጡት። «አንብበሽ ንገሪኝ» ብለው ወደ ስብሰባቸው ገቡ። በረንዳ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ወደ አማርኛ ሲመለስ ነገሩ እንዲህ ነው፦ «በማመልከቻችሁ እንደገለጻችሁት የውሃ ችግር እምብዛም ስለሌለባችሁ፣ ቅድሚያውን ችግሩ ለጸናባቸው ሰጥተናል። ለቅንነታችሁ እናመሰግናለን።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ይህን የጻፈው ሰው እንግሊዝኛ አያውቅም አልኩ። ከዚያ ቅጂውን አወጣሁ። ሁለተኛው አንቀጽ፣ የመጀመሪያው መስመር፦ «አወር ስኩል ሃዝ ስኬርስ ዋተር ፕሮብሌምስ።»

እኔ ያልኩት ውሃ ጠፍቶብን ተቸግረናል ነው። ወረቀቱ የሚለው ደግሞ የውሃ ችግሮቻችን ጥቂት ናቸው።

ሁለቱንም ይላል። ከሁለቱ መርጠው ማንበብ የእነሱ ፋንታ ነበር። የቀረውን አንቀጽ ቢያነቡት ይገባቸው ነበር።

አቶ ወልደ ኪዳን ከስብሰባ ሲወጡ «ለዚህ ዙር አልደረሰንም ይላል» አልኳቸው። ይህ ውሸት አይደለም።

ሚያዝያ 10

አንዲት «ኤስ»። ፕሮብሌም ቢል ኖሮ ምናልባት ይገባቸው ነበር። ፕሮብሌምስ ሲል ችግሮቹ የሚቆጠሩ ሆኑ፤ የሚቆጠር ነገር ደግሞ ጥቂት ይሆናል።

ለፋሲካ ትምህርት ሊዘጋ ነው። ሀሲና «አሁንስ ትመጫለሽ?» አለች። ለተማሪዎች የማጠናከሪያ ጥያቄ ማዘጋጀት አለብኝ።

ሚያዝያ 16

አቶ ወልደ ኪዳን ደብዳቤውን ከነቅጂው ወረዳ ወስደውት ኖሯል። እዚያ እንግሊዝኛ የሚያነብ ባለሙያ አግኝተዋል። ጠዋት ቢሮአቸው ስገባ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ችግር የለብንም ብለን ጽፈናል!» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «አራት መቶ ሴት ልጅ ይዘን፣ ሽንት ቤት ቆልፈን፣ ችግር የለብንም! እንዴት ነው ነገሩ?»

«ጽሕፈቱ ላይ የተበላሸ ነገር ይኖራል። አያለሁ» አልኩ።

ጽሕፈቱ አልኩ እንጂ አገሬ አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ በቢሮው በኩል ሳልፍ ሲናገሩ ሰማኋቸው። «ውልሽ ሰኔ መጨረሻ ያልቃል። እንዲህ ያለ ስህተት እያለ እኔ ምን ብዬ ላድሰው?» የአገሬን መልስ አልሰማሁም። ወይ አልመለሰችም፣ ወይ እኔ ፈጥኜ አልፌያለሁ።

ሚያዝያ 17

ረቂቁን አገኘሁት። የመማሪያ መጽሐፌ ውስጥ፣ ገጽ ሰማንያ ላይ ነበር። የእጅ ጽሑፌ። ኤሷ አለች፤ ጭራዋ እስከ ታችኛው መስመር ወርዷል። የእኔ ኤስ ሁልጊዜ ጭራዋ ይረዝማል።

መልሼ ገጽ ሰማንያ ውስጥ ከተትኩት።

ሚያዝያ 19

አገሬ በረንዳ ላይ አስቆመችኝ። ወረቀቱን ይዛለች፤ ከማጠፍ ብዛት ሊበጠስ ነው።

«መምህርት፣ የቱን ፊደል ነው ያጠፋሁት? ሁለተኛ እንዳልሳሳት አሳዪኝ።»

«ክፍል አለብኝ። ኋላ።»

«እሺ፣ ኋላ» አለች። ቁጣ የለባትም። በቁጣ ብትናገረኝ መልስ አላጣም ነበር።

ኋላ አልሄድኩም። ክፍልም አልነበረኝም።

ሚያዝያ 22

ብሩክታይት ወደቀች። ከወንዙ ሽቅብ ስትወጣ፣ ጀሪካኑን እንዳዘለች። ቀኝ እጇ ተሰብሯል። ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ።

ሚያዝያ 23፣ ማለዳ

ትናንት ለመጻፍ ጉልበት አላገኘሁም። አሁን ክፍል ከመግባቴ በፊት አንድ ሰዓት አለኝ።

ብሩክታይት ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጇ በጀሶ ታሽጓል። እናቷ አጠገቧ ቆማ የልጇን ነጠላ ጭቃ በጣቷ ታራግፋለች። ልጅቷ ስታየኝ ልነሳ አለች፤ አስቀመጥኳት።

«በግራ እጄ መጻፍ እለማመዳለሁ ቲቸር። ለፈተናው ይደርስልኛል» አለችኝ። ላጽናና የሄድኩት እኔ፣ የምታጽናናው እሷ።

«ስለ ፈተናው አታስቢ።»

«እንዴት አላስብም!» አለች። ቀጥላም፦ «ያን ቀን የጠየቅኩዎት ግን መልሱ ምን ነበር? ጥቂቱ ውሃው ነው ችግሩ?»

የትኛውንም መልስ መስጠት እችል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የመጣልኝ ግን፦ «ጥያቄሽ ልክ ነበር። ሁለቱንም ይይዛል። እኔም ያንኑ ስህተት ጽፌ ጉድጓድ አሳጥቻችኋለሁ።»

እናቷ ነጠላውን ማራገፍ አቆመች። ብሩክታይት አየችኝ፤ ቀጥሎ ጀሶውን አየች። «ሁለቱንም ይይዛል ማለት ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። ልጅቷ እጇ ተሰብሮም ሰዋስው ላይ ነች። እናትየው ግን ነጠላውን ይዛ ፊቷን አዞረችብኝ። ስወጣም አልሸኘችኝም።

ዛሬ ረቂቁን ይዤ ለመምህር ገብረ ማርያም ልሰጥ ነው።

ሚያዝያ 23፣ ከሰዓት

መምህር ገብረ ማርያም የቄስ ልጅ ናቸው፤ ወደ ቀለም ትምህርት ሳይገቡ በፊት ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ቆይተዋል። ረቂቁን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ሳያወልቁ አነበቡት። መስመሯ ላይ ሲደርሱ ፈገግ አሉ።

«አንዲቱን ቃል ለሁለት ባል ድረሻታል። ቅኔ ቤት ቢሆን ‹ይበል!› ያሰኝሽ ነበር። አንዱ ቃል፣ ሁለት ፍቺ፣ ያውም የሚቃረን።» ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ። «ውሃ የሚለምን ሰው ግን ሰሙን ብቻ ቢናገር ይበቃዋል።»

«ቀድመው ቢያዩት ኖሮ...»

«አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«የተላከ ዕለት። መኪናው ሳይሄድ፣ ቅጂውን አገሬ ጠረጴዛ ላይ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጊዜ የለም ብለሽኝ ነበር» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ረጅም ጊዜ ጠረጉት። «ተቀይሜ ነው፣ ነጅዋ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ፤ እንደ ልጅ ተቀየምኩ። ራሷ ትድረስበት አልኩ። ልጅቷ ወደቀች ሲሉኝ ትናንት ምሳ አልበላሁም።»

ልቆጣቸው ፈለግኩ፤ ግን መብቱን አጣሁት። ተነስተው «ነገ ስብሰባ አለ። አብረን እንናገራለን» አሉ።

«የእርስዎን እርስዎ ይወቁት። የእኔን እኔ ብቻዬን እናገራለሁ» አልኳቸው። ይቺን ኩራቴን እንኳ አልተውኩም።

ሚያዝያ 24

ተናገርኩ። ረቂቁን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «ስህተቱ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። አገሬ ያልኳትን ነው የመታችው። እሷ ስትወቀስ እያወቅኩ ዝም ካልኩ ስምንት ቀን ሆኖኛል» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። መንቀጥቀጥ የነበረበት ይመስለኛል።

አገሬ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ስምንት ቀን» አለች። «ስምንት ቀን ሙሉ ፊደል ስቆጥር ሰነበትኩ። ልጄን ወረቀቱን ከእንግሊዝኛ ፊደል ገበታ ጋር እያስተያየ የቱ እንደጎደለ እንዲያሳየኝ አስቀምጬው ነበር። የሦስተኛ ክፍል ልጅ! ‹እማዬ ምንም አልጎደለም› ሲለኝ ሰነፍ ብዬ ቆጣሁት።»

ወጣች። በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ይቅርታ ልል ተከትያት ሄድኩ። «አሁን አይደለም» አለችኝ። ልክ ናት።

ርዕሰ መምህሩ የክፍሉን ተጠሪነት ከእኔ አንስተው ለመምህር ገብረ ማርያም ሰጡ። ሞጣ ድረስ ሄጄ ድርጅቱን እንዳናግርም ሁለት ቀን ፈቀዱ። «የጣልሽውን አንሽ» አሉ። እሺ አልኩ። አነሳዋለሁ።

ሚያዝያ 27

አዲሱ ማመልከቻ ተጻፈ። ሦስት ቀን ፈጀ።

ስኬርስ የለበትም። እኔም መምህር ገብረ ማርያምም ብዙ ተከራከርን። እሳቸው «አስከፊ» እና «አሳዛኝ» የሚሉ ቃላት ሊያስገቡ ፈለጉ። እኔ «አንባቢው ራሱ ያዝናል፤ እኛ የሆነውን እንንገረው» አልኩ። ይህን ክርክር አሸነፍኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ያሸነፍኩት እሱን ብቻ ነው። እንዲህ ሆነ፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሴት ተማሪዎች አሉን። አንድ ቧንቧ አለን። ከጥር ዘጠኝ ጀምሮ አንድ ጠብታ አልወጣውም። ወንዙ በእግር ሃምሳ ደቂቃ ይወስዳል። ሚያዝያ ሃያ ሁለት አንዲት ተማሪ በመንገዱ ላይ ወድቃ እጇን ሰብራለች።

ከማመልከቻው ጋር ያያያዝነውን የቀሪዎች ቁጥር ያመጣችው ብሩክታይት ናት። የቀሩትን ልጆች ስም ከነቀናቸው በግራ እጇ ጽፋ፣ እንደ ጉንዳን መንገድ በሚጣመም ጽሑፍ። እናቷ ናት ወረቀቱን ያደረሰችልኝ። «አድርሽ ያለችኝ እሷ ናት» አለችኝና ሄደች።

አገሬ ወረቀቱን ስሰጣት ኮምፒውተሩን አላበራችም።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አለች የመጀመሪያውን መስመር እያሳየች።

«አገሬ፣ ረጅም ነው...»

«ከእንግዲህ ትርጉሙን ሳትነግሪኝ አንዲት ፊደል አልመታም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መስመር በመስመር ነገርኳት። ሃምሳ ደቂቃው ላይ ስንደርስ «መውረጃው ነው ሃምሳ። ተሸክመው ሲወጡት ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ነው» አለችኝ። አስተካከልነው።

ሚያዝያ 28፣ ሞጣ

በጠዋቱ አውቶቡስ መጣሁ። ግንደወይን ላይ ሰው ለመጫን ቆምን፤ አንድ ጭቃ በጭቃ የሆነ ነጭ መኪና አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ ጎማ ይቀይራል። ሞጣ ደርሼ ቢሮውን ሳገኘው ጥበቃው «ኃላፊው ኢንጂነር ከማሉዲን የለም። ግንደወይን ሄዷል፤ ነገ ይመለሳል» አለኝ። ያ ነጭ መኪና የእሱ ኖሯል፤ በአጠገቡ አልፌ ነው የመጣሁት።

ሌላ የምሄድበት የለም። አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

አባቴ አብዱራዛቅ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሱቁ ፊት ለፊት የአብዱልዋሂድ ሱቅ አለ። አብዱልዋሂድ ባለቤቴ ነበር፤ ከተፋታን ሁለት ዓመት አለፈው። እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ ስሙን አልጻፍኩም፤ ሥራ ስለበዛብኝ ነው።

መንገዱ ላይ ወጥቶ ጣቃ ጨርቅ ያራግፍ ነበር። አየኝ።

«ነጅዋ፣ ሰላም ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ ሰላም ነህ?»

«አልሐምዱ ሊላህ።» ጨርቁን ይዞ ገባ።

በቃ። ሁለት ዓመት የሸሸሁት ይህን ነበር።

አባዬ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነስቶ የሚለካውን ጨርቅ ጣለው። ደንበኛውን «ልጄ ናት። ለቢቸና ልጆች ውሃ የሚያመጣውን ደብዳቤ የጻፈችው» አለው። ለሞጣ ሁሉ ተናግሯል። ሀሲና ነግራው ኖሯል። ደንበኛው «ማሻአላህ» አለ።

ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቅኩና ሁሉንም ነገርኩት። ዓረፍተ ነገሩን ሁለቴ አስተረጎመኝ።

«መጠየቅ ነበረባቸው» አለ መጀመሪያ። «አንድ ሰው መጥቶ ‹ሁለት ስጠኝ› ቢለኝ፣ ሁለት ሜትር ነው ሁለት ጣቃ ብዬ ሳልጠይቅ አልቆርጥም።» ደስ አለኝ። ጨርቁን ማጠፍ ጀመረ። «ግን መቀሱ የነበረው በአንቺ እጅ ነው። ያቺ ጸሐፊ ምን አደረገችሽ?»

«ምንም።»

«ይቅርታ ጠየቅሻት?»

«አልተቀበለችኝም።»

«እስክትቀበል ጠይቂያታ።» ወደ ጨርቁም ተመለሰ። እራት ላይ ግን ሀሲና ስለ ጉድጓዱ ሌሎች እንግዶች ፊት ስትጠይቀኝ አባዬ ቀድሞ መለሰ፦ «ገና ነው። ተሳስታ ነበር፤ ልታስተካክል ነው የመጣችው።» ደብዳቤውን የጻፈችው ሲል ከነበረው ድምፁ አላነሰም።

ሚያዝያ 29

ከማሉዲን ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ የሞጣ ልጅ ነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የድሮውን ማመልከቻ ፈልጎ አወጣ።

«እዚህ አይነበብም፤ አዲስ አበባ ነው የሚነበበው» አለኝ። «የሚያነቡት ሰዎች ቢቸናን አያውቋትም። በቀን ስልሳ ወረቀት ያያሉ። ስኬርስ ፕሮብሌምስ የሚለውን ሲያዩ ደስ ብሏቸው ነው ያለፉት፤ አንድ ቀነሰላቸው።»

«አሁን ይህን ያንብቡት።»

አነበበው። ሁለተኛ አነበበው። እስክሪብቶ አንስቶ መጠየቅ ጀመረ፦ የድሮው ቧንቧ ጥልቀት? የግቢው ስፋት? መኪና የሚገባበት መንገድ? የማውቀውን መለስኩ፤ የማላውቀውን አላውቅም አልኩ። ድሮ ብሆን ገምቼ እመልስ ነበር።

«ዙሩ ተዘግቷል እህቴ። አልዋሽሽም። ግን ከተመረጡት በአንዱ ቦታ መንገዱ ለመቆፈሪያው መኪና አልሆነም፤ ትናንት አይቼው መጣሁ። መንገዱ ካልተጠገነ ቦታው ክፍት ይሆናል። ዝናቡ ከበረታ ደግሞ ሁሉም ይቀራል። እስከ ግንቦት አሥር እደውላለሁ። ቃል አልገባም።»

«ቃል አልፈልግም። ስልኩን ብቻ» አልኩት።

ግንቦት 4

ፈተና ማዘጋጀት። ማረም። ስልክ የለም። ትናንት ደመና ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝናብ እንዳይመጣ ለመንኩ። አራሹ ቢሰማኝ ይገድለኛል።

ግንቦት 7

አገሬን ዛሬም ይቅርታ ጠየቅኳት። አራተኛዬ ነው። «ሰምቻለሁ» አለች። ለአቶ ወልደ ኪዳን ስለ ውሏ በአማርኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ግማሽ ገጽ። መምህር ገብረ ማርያም ፈረሙበት፤ የእሳቸውንም ዝምታ ጨምረው ጻፉ። እኔ አላስገደድኳቸውም።

ግንቦት 10

አልደወለም።

ግንቦት 11

ቀን አሥር ሰዓት ላይ ደወለ። ሰላም ነው ወይ እንኳ አላለም፦ «የግቢያችሁ በር ስፋቱ ስንት ነው?»

ወጥቼ በሜትር ለካሁ። ሦስት ሜትር።

«መቆፈሪያው መኪና አይገባም። አራት ያስፈልገዋል። ነገ ንጋት ላይ እናንተ ጋ እንደርሳለን፤ ካልገባ ቀጥታ ወደሚቀጥለው ነው የምናልፈው። መኪናውን ላቆየው አልችልም።»

ወደ አቶ ወልደ ኪዳን ሮጥኩ። «በሩ የመንግሥት ንብረት ነው» አሉ። «ያለ ወረዳው ፈቃድ አይነካም። ደብዳቤ እንጻፍ...»

«ማን ይፈርመዋል? አሥር ሰዓት አልፏል።»

መስኮቱ ጋ ሄደው በሩን አዩት። ሁለት የሲሚንቶ ምሰሶ፣ በመካከሉ የብረት በር፣ ከላዩ የትምህርት ቤቱ ስም። ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉት። «ከጠየቁኝ እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አሉ።

ድጅኖ፣ አካፋና ገመድ ከግብርና ክበቡ መጋዘን ወጣ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች፣ መምህራን፣ ከመንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ ገባበት። መምህር ገብረ ማርያም ጋቢያቸውን አጥብቀው ቆሙና ገመዱን የሚስቡትን በግእዝ ይቆጥሩላቸው ጀመር። «አሐዱ! ክልኤቱ! ሠለስቱ!» በሠለስቱ ሁላችንም እንጎትታለን። ሦስተኛው ጉተታ ላይ አንደኛው ምሰሶ ተንገዳግዶ ወደቀ። መዳፌ ተልጧል። አሁን የምጽፈውም በጣቶቼ ጫፍ ነው።

ዘበኛው በረንዳው ላይ ቆሞ «በር ሳይኖር ምኑን ልጠብቀው?» ይላል።

ግንቦት 15

መኪናው ግንቦት አሥራ ሁለት ገባ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ደረቅ ሆነ፤ ስልሳ ሜትር ወርደው አቧራ ብቻ አወጡ። ከማሉዲን ሊያናግረኝ ሲመጣ ፊቱን አይቼ ገባኝ። «አንድ ዕድል አለን» አለ። ሁለተኛውን ከድሮው ቧንቧ ጀርባ ጀመሩ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ቆፈሩ። ትምህርት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ልጆቹ በመስኮት ነበሩ።

ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ሰባ አራት ሜትር ላይ ጭቃ ተፋ። ከዚያ ቀይ ውሃ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀይነቱ ቀነሰ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነጣ። ማንም አልጮኸም። እልልታ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ቱቦው ነበር የሚያየው፤ ይቆም እንደሆነ። አልቆመም። ብሩክታይት ጀሶዋን በፌስታል ጠቅልላ ከፊት ቆማለች፤ እናቷ ከኋላዋ።

አገሬ ከቢሮ ወጥታ በቀጥታ መሐል ገባች። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ዘገነች።

«አትጠጪው!» ብሎ ጮኸ ከማሉዲን። «ገና አልተመረመረም!»

ጠጥታዋለች። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ግቢው ሁሉ ፊቷን ያያል።

«አፈር አፈር ይላል» አለች። ደግሞ ዘገነች። ከዚያ ዞር ብላ በዓይኗ ፈለገችኝ። «ነጅዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ከማሉዲን እጁን ዘርግቶ ሊከለክል ሞከረ። ማን ሰምቶት። ሰልፉ እስከ ወደቀው በር ደርሶ ነበር። ሄጄ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆምኩ።